በጭቃና በሊጥ የተጨማለቁ ሰዎችን ምስል በኤአይ ስለመሥራት፦ ከጎንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ባለትዳር ናቸው። ለማንም ተናግረውት የማያውቁት አንድ ዝንባሌ አላቸው፤ ልብሱን እንደለበሰ በጭቃ፣ በሊጥ ወይም በኬክ ክሬም የተጨማለቀ አዋቂ ሰው ምስል ይስባቸዋል፤ እርቃን ግን አይፈልጉም። በቅርቡ እንዲህ ያሉ ምስሎችን ምስል በሚሠሩ የኤአይ መተግበሪያዎች መሥራት ጀምረዋል። ጭቃው ቸኮሌት ወይም ፕላስቲክ እየመሰለ እንዳስቸገራቸው፣ ከሚጽፏቸው ትእዛዞች ብዙዎቹ «ፖሊሲ ይጥሳል» እየተባሉ እንደሚመለሱባቸው፣ የሠሯቸው ምስሎችም የት እንደሚቀመጡና ማን ሊያያቸው እንደሚችል እንደማያውቁ ጽፈዋል። በስተመጨረሻም በሁለት አጫጭር መስመሮች፣ የአንዲት የሥራ ባልደረባቸውን የፌስቡክ ፎቶ አስገብተው ቢሠሩና ለማንም ባያሳዩት ችግር ይኖረው እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ ነገር በሽታ ይሆን እንደሆነም ጠይቀዋል።

ውድ ጠያቂ፣ መልሴን ከባልደረባዎ ፎቶ እጀምራለሁ፤ ሌላው ሁሉ የሙያና የጥንቃቄ ጉዳይ ሲሆን ይህ ግን ሌላ ሰው የሚነካ ነውና። ፎቶዋን አያስገቡ። አስገብተው ከሆነ ደግሞ ከእርሱ የተሠራውንም፣ መነሻ የሆነውንም ያጥፉ። ለማንም አላሳይም ማለትዎ ነገሩን እንደሚያቀለው አድርገው አስበዋል፤ ነገር ግን ፎቶውን በስልክ መተግበሪያ ውስጥ ባስገቡበት ቅጽበት ባለቤቱን ወደማያውቁት ሰው ሰርቨር ልከውታል፤ ከዚያ በኋላ የማሳየትና ያለማሳየት ውሳኔ የእርስዎ አይደለም። ሕጉም ቢሆን ነገሩን ከእርስዎ በተለየ መንገድ ያየዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ማባዛቱ ራሱን ችሎ የተጠቀሰ በመሆኑ አለማሳየት ብቻውን መከላከያ ይሆናል ብሎ መተማመን አይቻልም። ምስሉ ከእጅዎ ወጥቶ ከተሰራጨ ደግሞ የሰውን ክብርና ስም የሚያጎድፍ ምስል በኮምፒውተር ሥርዓት ማሰራጨትን የሚቀጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ይመጣል። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ይህን የማነሣው በሥራዬ ምክንያት በተደጋጋሚ የምጠየቀው ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ከሕጉ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የከተማችን ሁኔታ ነው። ጎንደር ሰፊ ትምሰል እንጂ ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ ከአራዳ እስከ አዘዞ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሰው በኩል ይተዋወቃል። ስልክዎ ስክሪኑ ተሰብሮ ወደ ጥገና ቤት ቢገባና የዚያች ሴት ምስል ከዚያ ቢወጣ፣ ምስሉ በማሽን የተሠራ እንጂ የተነሣችው እንዳልሆነ ለሥራ ቦታዋም፣ ለቤተሰቧም፣ ለማኅበሯም አንድ በአንድ ማስረዳት የእርሷ ዕዳ ይሆናል። ቴክኒኩ ደግሞ እጅግ ቀላል ሆኗል፤ በ2022 የጎግል ተመራማሪዎች ያቀረቡት ድሪምቡዝ የተባለው ዘዴ አንድን ሞዴል (ምስሉን የሚሠራውን የኤአይ ፕሮግራም) የአንድ ሰው መልክ ለማስተማር ከ3 እስከ 5 ፎቶዎች እንደሚበቁ አሳይቷል፤ ይህ ደግሞ አንድ ሰው ለአንድ በዓል ከሚለጥፈው ፎቶ ያነሰ ነው። (የቴክኖሎጂውን ዓመታት በአውሮፓውያን፣ የሕጎቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ፊት የግድ ካስፈለገዎ የራስዎን ይጠቀሙ፤ ወይም ምን እንደሚሠራ በግልጽ ተነግሮት የተስማማ አዋቂ ሰው ይሁን። ከዚያ ውጭ ሞዴሉ ራሱ የሚፈጥረው፣ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ፊት ይበቃል።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ እርስዎ ያልጠየቁኝ፣ ነገር ግን በዚህ ዓይነት ምስል ላይ ከሌላው ሁሉ በተለየ የሚያጋጥም አንድ አደጋ አለ። ሞዴሎቹ የተማሩት ከኢንተርኔት ላይ ከተሰበሰቡ ምስሎችና ከምስሎቹ ጋር ከተጻፉ መግለጫዎች ነው። ኢንተርኔት ላይ በጭቃ ሲጨማለቅ፣ ኬክ ፊቱ ላይ ሲለጥፍ፣ ዱቄት ሲበትን የሚታየው ማን እንደሆነ አስቡት፤ በአብዛኛው ሕፃን ነው። በምዕራቡ ዓለም አንድ ዓመት የሞላውን ልጅ ኬክ ፊት አስቀምጦ ሲጨማለቅ ፎቶ ማንሣት የተለመደ የስቱዲዮ ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት «ጭቃ» እና «ጨዋታ»፣ «ኬክ» እና «ሣቅ» ሲጣመሩ የሚወጣው ፊት ሳይታዘዝ ወደ ልጅነት ይንሸራተታል። ስለዚህ የሰውየውን ወይም የሴትዮዋን አዋቂነት ሁልጊዜ በግልጽ ይጻፉ፤ ዕድሜው አርባ አምስት፣ ጺሙ ሽበት ጣል ያደረገበት፣ ዓይኑ ሥር መስመር ያለው፣ የሥራ ልብስ የለበሰ እያሉ። የጨዋታ ቃላትን ይተዉ። ዕድሜው የሚያጠራጥር ፊት ከወጣ አስተካክለው ለማዳን አይሞክሩ፤ ወዲያውኑ ያጥፉት። የአዋጅ 958/2008 አንቀጽ 12 በወሲባዊ ድርጊት የሚታይን ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ብቻ ሳይሆን ልጅ የሚመስልን ሰው የሚያሳይ ምስል መሥራትንም መያዝንም ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። የእርስዎ ምስሎች ልብስ የለበሱ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ምስሉ የሚፈለግበት ዓላማ የእርስዎ ዓይነት ሲሆን በዚህ መስመር አቅራቢያ መራመድ አይገባም።

ወደ ፖሊሲው ልለፍ። በአሳሽና በስልክ የሚሠሩት ታላላቅ አገልግሎቶች በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ይፈትሻሉ፤ መጀመሪያ የተጻፈውን ቃል፣ ቀጥሎ የወጣውን ምስል። እርስዎ የሚሰናከሉት ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ነው ብዬ እገምታለሁ። ማጣሪያው ሊጥ፣ እርጎ ወይም ክሬም ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያየው ፊትና አንገት ላይ ያለ ነጭ ዝልግልግ ነገር ሲሆን፣ ያንን ከወሲብ ምስል ጋር ያዛምደዋል። ቀይ የሆነው ደም፣ ቡናማው ደግሞ ሌላ ነገር ይመስለዋል። ስቴብል ዲፊዥን በተባለው፣ በነፃ በሚገኘው ምስል ሠሪ ሞዴል የመጀመሪያ ቅጂ ውስጥ የነበረው ማጣሪያ የሚሠራው የወጣውን ምስል አስቀድሞ ከተመረጡ ክልክል ሐሳቦች ጋር በቁጥር እያስተያየ ነበር፤ ከተጠጋጋ ምስሉ ይሰረዛል፣ ምክንያትም አይሰጥም። (ያን ጊዜ በተለቀቀው ኮድ ውስጥ በተሰረዘው ምስል ቦታ ይገባ የነበረው የአንድ እንግሊዛዊ ዘፋኝ ፎቶ ነበር፤ ፈጣሪዎቹም ቀልድ ያውቃሉ።) ቃላትን በመቀያየር ማጣሪያውን ለመሸወድ የሚመክሩ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም፤ ድርጅቱ አገልግሎቱን በራሱ ደንብ የመስጠት መብት አለው፤ በተደጋጋሚ የተከለከለ አካውንትም ሊዘጋ ይችላል፤ ያ አካውንት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሥራ ኢሜይልዎን የያዘው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ትክክለኛው ቦታ የራስዎ ኮምፒውተር ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ጭቃው ለምን ቸኮሌት እንደሚመስል። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምባቸው ሞዴሎች ዲፊዥን የተባለውን ዘዴ ይከተላሉ። ዘዴው በ2015 በጥናት ቀረበ፤ በ2020 ጥራቱ ተሻሻለ፤ ስቴብል ዲፊዥን በነሐሴ 2022 ለሕዝብ በነፃ ሲለቀቅ በየሰው ቤት ገባ። ሞዴሉ የሚነሣው ጣቢያ የጠፋበት የድሮ ቴሌቪዥን ከሚያሳየው ዓይነት ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ነው፤ ከዚያ በየደረጃው ጥቂት ጥቂት ዝብርቅርቁን እያነሣ ከጽሑፉ ጋር የሚስማማ ምስል ያወጣል። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የሰውየው አቋምና የብርሃኑ አቅጣጫ ይወሰናሉ፤ ጥቃቅኑ ነገር በመጨረሻ ይመጣል። ለእርስዎ ጉዳይ ወሳኙ ግን ይህ ሥራ የሚከናወነው በሙሉው ምስል ላይ ሳይሆን በታመቀ ቅርጹ ላይ መሆኑ ነው። 512 በ512 ፒክስል የሆነ ምስል ወደ 64 በ64 ይታመቃል፤ ይህም ማለት ጎኑ 8 ፒክስል የሆነ እያንዳንዱ ካሬ በ4 ቁጥሮች ብቻ ይወከላል። እጅጌ ላይ የተረጨ የጭቃ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ ከዚያ ካሬ ያነሰ ነው። ስለዚህ ነጠብጣቡ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሐድና ጠርዝ የሌለው፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ነገር ይሆናል። ጭቃን ጭቃ የሚያደርገው ሸካራነቱና የተለያየ ውፍረቱ ሲሆን፣ ሞዴሉ የሚጥለው ያንኑ ነው።

በዚህ ላይ የትምህርቱ ይዘት ይጨመርበታል። ጽሑፍን ከምስል ጋር የሚያስተያየው፣ ኦፕንኤአይ በ2021 ያወጣው ክሊፕ፣ የተማረው ከ400 ሚሊዮን የምስልና የጽሑፍ ጥንዶች ነው፤ ለስቴብል ዲፊዥን ምንጭ የሆነው የላየን ክምችት ትልቁ ክፍል ደግሞ ወደ 5.85 ቢሊዮን ጥንዶች ይይዛል። ይህ ሁሉ ብዛት ግን እኛ የምናውቀውን ጭቃ አልያዘም። ጥሩ ብርሃን ተደርጎለት የተነሣ፣ መግለጫም የተጻፈለት ቡናማ ዝልግልግ ነገር በአብዛኛው የጣፋጭ ማስታወቂያ ወይም የውበት ሳሎን ሕክምና ነው። «ኢትዮጵያዊት» የሚለው ቃል ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጣመማል፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ቱሪስቶች በኦሞ ሸለቆ ካነሡት ፎቶ የተቀዳ፣ ገላዋን በነጭ አፈር ያስጌጠች ሴት ምስል ነው። አንዲት የባንክ ሠራተኛ በክረምት መንገድ ተንሸራታ ወደቀች የሚለውን ሐሳብ ሞዴሉ ከጎንደር ሰው ጋር አያገናኘውም። ይህን ለማለፍ የአገሩን ስም ከመጥራት ይልቅ መልኩን፣ የፀጉሩን አሠራር፣ ልብሱንና ቦታውን መግለጽ ይሻላል፤ የቆዳው ቀለም፣ ሹሩባው፣ የቢሮ ልብሱ፣ በድንጋይ የተነጠፈው መንገድ።

በአማርኛ ለምን አይገባውም ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም። ቻትጂፒቲንና ጀሚናይን የመሳሰሉት አማርኛውን ራሳቸው ተረድተው ወደ ምስል ይቀይሩታል፤ ቀጥታ በክሊፕ የሚሠሩት ግን አይችሉም። ክሊፕ ጽሑፉን ወደ ትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ ያነባል፤ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 77 ቁራጭ ሲሆን ሁለቱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ምልክቶች ናቸው። የእኛ አንድ ፊደል በኮምፒውተር በ3 ባይት ስለሚጻፍ እስከ 3 ቁራጭ ሊበላ ይችላል፤ እንግዲህ ሃያ አምስት ፊደል ያህል ሲጽፉ ቦታው ሊሞላ ይችላል፤ የገባውም ቢሆን ትርጉም አይሰጠውም። ትእዛዙን በቀላል እንግሊዝኛ ይጻፉ፤ ዋናውንም ነገር ከፊት ያስቀምጡ።

ሌላው የተለመደ ብልሽት የቀለም መፍሰስ ነው። ቢጫ ቀሚስ ላይ ቡናማ ጭቃ ብለው ሲያዙ ቡናማ ቀሚስ ይወጣል፤ ወይም ቀሚሱ ንጹሕ ሆኖ ግድግዳው ይበላሻል። የትኛው ቀለም የየትኛው ነገር እንደሆነ ማያያዝ የክሊፕ የታወቀ ድክመት ነው። በ2024 የወጡት እንደ ፍለክስ ያሉ ሞዴሎች ከክሊፕ በተጨማሪ ትልቅ የቋንቋ ሞዴል ስለሚጠቀሙ በዚህ በኩል በግልጽ ይሻላሉ፤ የሚፈልጉት ኮምፒውተር ግን ከባድ ነው። በአሮጌው ሞዴልም ቢሆን ሥራውን በመከፋፈል ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት ይቻላል።

አንድ ምስል ይዘን እንየው። ዕድሜው አርባ አምስት የሚሆን፣ ግራጫ ሱፍና ክራባት የለበሰ ሰው፣ ለቤት ምርጊት በተቦካ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ሲነሣ እንሥራ። መጀመሪያ ጭቃ የሚለውን ቃል ፈጽሞ አያንሡ፤ ሰውየውን ንጹሕ አድርገው፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ የጠዋት ብርሃን ከጎኑ እየመጣ ያሠሩት። የጎን ብርሃን የግድ ነው፤ ፊት ለፊት ብርሃን ሲመታው ውፍረት አይታይም። የወደዱት ሲወጣ የሲዱን ቁጥር (ሞዴሉ የተነሣበትን ዝብርቅርቅ የሚወስነውን፣ ያንኑ ምስል መልሶ ለማግኘት የሚረዳውን ቁጥር) ይያዙ። ከዚያ ኢንፔይንቲንግ በሚባለው ዘዴ የምስሉን የተወሰነ ክፍል ብቻ እየከለሉ ጭቃውን ከታች ወደ ላይ ያስገቡት። ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ከ0 እስከ 1 የሚለካውን የለውጡን መጠን ወደ 0.7 ከፍ ያድርጉ፤ ሱፉ ሙሉ በሙሉ ይሸፈንና ወፍራም፣ የተደራረበ፣ ጭድ የታየበት ጭቃ ይቀመጣል። ጭድ የሚለውን ቃል አይርሱ፤ ወርቃማው ቁርጥራጭ ቸኮሌት የመምሰሉን ነገር በአንድ ጊዜ ይሰብረዋል። እጅጌውና ደረቱ ላይ መጠኑን ወደ 0.4 ዝቅ ያድርጉት፤ የጨርቁ እጥፋት እንዳለ ይቀርና ክሩ በሥሩ የሚታይ ስስ እርጥብ ሽፋን ይሆናል። ኮሌታውና ጉንጩ ላይ ያለውን ፍንጥቅጣቂ በመጨረሻ ይሥሩት፤ ሲሠሩትም የተከለለውን ክፍል ብቻ አጉልቶ የሚሠራውን ምርጫ ያብሩ። ያ ምርጫ ትንሿን ቦታ ለጊዜው ወደ ሙሉ መጠን ስለሚያሳድጋት፣ ከላይ ያነሣሁት ባለ 8 ፒክስል ካሬ ነጠብጣቡን አይውጠውም፤ ሥራው ሲያልቅ መልሶ ያሳንሳታል። አንድ ነገር ይጨምሩ፤ ሰውየው በእጁ ጀርባ የጠረገው ያህል ጉንጩ ላይ አንድ ንጹሕ መስመር ይተዉ። እንዲህ ያለ ምስል የሚታመነው ባልተጨማለቀው ክፍሉ ነው።

የጭቃው ዓይነትም ይገለጽ። የደንቢያ ዋልካ ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው፤ እርጥቡ ያበራል፣ ሲደርቅ ደብዝዞ ይሰነጣጠቃል፤ ቀይ አፈር ደግሞ ውሃው ውስጥ ይሟሟና ጨርቁን ያቀልመዋል። ሞዴሉ የቦታ ስም ሳይሆን እነዚህን ባሕርያት ይረዳል፤ ስለዚህ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ጠርዙ ደርቆ የተሰነጠቀ እያሉ ይጻፉ። ሊጥ ከዚህ ይከብዳል። ሞዴሉ የሚያውቀው የስንዴ ዳቦ ሊጥ ስለሆነ ሰውየውን የፒዛ ሊጥ አልብሶ ያመጣልዎታል። የእኛን የጤፍ ሊጥ ስስ፣ ግራጫማ፣ ላዩ ላይ አረፋ የቋጠረ ፈሳሽ ብሎ መግለጽ ይረዳል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን እውነተኛ ፎቶ ማሳየት ነው። ከእንጀራ ጋገራ በኋላ ቡሃቃው ላይ የቀረውን ጥቂት ሊጥ በራስዎ ክንድ ወይም በአሮጌ ጨርቅ ላይ አድርገው መስኮት አጠገብ ፎቶ ያንሡትና አይፒ አዳፕተር ለተባለው መሣሪያ እንደ ማጣቀሻ ይስጡት። እህል ላይ መጫወት ነውር በሆነበት አገር አንድ ሙሉ ቡሃቃ መድፋት ሊከብድዎ እንደሚችል እረዳለሁ፤ ለዚህ ሥራ ሁለት ማንኪያ ይበቃል።

ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የስቴብል ዲፊዥን 1.5 ሞዴል በ4 ጊጋባይት የቪዲዮ ራም (የግራፊክስ ካርዱ ማኅደረ ትውስታ) ይሠራል፤ ከ2023 ጀምሮ ያለው ኤስዲኤክስኤል ምስሉን በ1024 በ1024 ስለሚያወጣ ለፍንጥቅጣቂ የተሻለ ነው፤ ለእርሱ ግን 8 ጊጋባይት ቢኖር ይመረጣል። የግራፊክስ ካርዱ የኤንቪዲያ ይሁን። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ በክልላችን ተቋርጦ የቆየባቸውን ወራት ያሳለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መብራት ቢጠፋም የሚያጡት በመሠራት ላይ ያለውን አንድ ምስል ብቻ ነው። ሞዴሉን ከሰው በፍላሽ የሚቀበሉ ከሆነ ግን ስሙ በሴፍቴንሰርስ የሚያልቀውን ፋይል ብቻ ይውሰዱ፤ ሲኬፒቲ የሚባለው የድሮ ዓይነት ሲከፈት ሌላ ኮድ በውስጡ ሊያስነሣ ስለሚችል ቫይረስ የመደበቂያ ቦታ ይሆናል።

ማን ያየዋል ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ በየአገልግሎቱ ይለያያል። ሚድጆርኒ ላይ የሚሠራ ምስል ተጠቃሚው ከፍ ያለውን ክፍያ ከፍሎ ድብቁን አሠራር ካላበራ በስተቀር በነባሪነት ለሌሎች ይታያል። ቴሌግራም ላይ ያሉት ምስል ሠሪ ቦቶች ከዚህ ይብሳሉ፤ የሚጽፉትንም የሚልኩትንም ፎቶ የቦቱ ባለቤት ያየዋል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ደግሞ አይታወቅም። ልብስ እናወልቃለን የሚሉትን ቦቶች እንኳንስ መጠቀም መክፈትም አያስፈልግም። የእኛ አገር ልዩ ችግር ደግሞ ክፍያው ነው፤ ከብር ሒሳብ ለውጭ ድርጅት በቀጥታ መክፈል ለብዙዎቻችን ስለማይሆን በደላላ በኩል አካውንት እንገዛለን። በእንዲህ ዓይነት አካውንት የሚሠራውን ሁሉ የይለፍ ቃሉን የያዘው ሰው ሊያየው ይችላል፤ ለማስታወቂያ ዲዛይን ግድ ባይሰጥዎም ለዚህ ግን ይሰጥዎታል።

በራስዎ ኮምፒውተር ሲሠሩም ሁለት ቀዳዳዎች ይቀራሉ። አንደኛው፣ ስቴብል ዲፊዥንን የሚያሠሩት የተለመዱ ፕሮግራሞች የጻፉትን ትእዛዝ፣ ሲዱንና የሞዴሉን ስም በፒኤንጂ ፋይሉ ውስጥ ጽሑፍ አድርገው ያስቀምጡታል። ምስሉን ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲልኩት ተጨምቆ ይሄዳልና ይህ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ሲልኩት ግን የጻፉት ቃል በሙሉ ከምስሉ ጋር ይደርሳል። ሁለተኛው የስልኩ ጋለሪ ነው። ምስሉን ወደ ስልክ ካሻገሩት ጎግል ፎቶስ ሳይጠይቅዎ ወደ አካውንትዎ ሊወስደው ይችላል፤ አካውንቱ ልጆች በሚያዩበት ታብሌት ላይም ክፍት ከሆነ እዚያም ይታያል። የተሰረዘ ምስል እንኳ መጠባበቂያው ላይ ገብቶ ከነበረ ለ60 ቀናት መጣያው ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ አያውጡት፤ ኮምፒውተሩም የጋራ ከሆነ ቬራክሪፕት በመሰለ ፕሮግራም የተቆለፈ ክፍል ይፍጠሩለት። ለሌላ ሰው ማሰራጨትን በሚመለከት ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 640 ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆኑ ምስሎችን ማሰራጨትንና ለሕዝብ ማሳየትን እንደሚቀጣ ይወቁ፤ ልብስ የለበሰ ሰው ምስል በዚህ ይመደባል ወይ የሚለው የፍርድ ቤት ጥያቄ ቢሆንም፣ ጥያቄው እርስዎ ላይ እንዲነሣ አይጋብዙ።

በሽታ ነው ወይ ላሉት፣ መልሱ ከእኔ ሙያ ውጭ ቢሆንም የታወቀውን ልጥቀስ። በእንግሊዝ ከ1989 ጀምሮ ለዚህ ዝንባሌ ብቻ የተዘጋጀ መጽሔት ይታተም ነበርና እርስዎ ብቻ አይደሉም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ ያልተለመደ ዝንባሌን ከሕመም ለይቶታል፤ ሕመም የሚባለው ለባለቤቱ ጭንቀት ሲሆን፣ ኑሮውን ሲያውክ ወይም ሌላ ሰው ሲጎዳ ነው። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝርም ፌቲሽዝምን ለብቻው እንደ ሕመም መመዝገቡን ትቷል። እኔ የምመለከተው መሣሪያውን ነው፤ መሣሪያው ደግሞ አንዱን ምስል ከሌላው በሰከንዶች ልዩነት ስለሚሰጥ ሰው ሳያስበው ሌሊቱን የሚያጋምስበት ነገር ነው። እንቅልፍዎን፣ ሥራዎን ወይም ከባለቤትዎ ጋር ያለዎትን ጊዜ እየወሰደብዎ ከመጣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። ምስል ማሳየት አይጠበቅብዎትም፤ ስንት ሰዓት እንደሚወስድብዎና ምን እንዳስተጓጎለብዎ መናገር ለመጀመሪያው ቀጠሮ ይበቃል።